ሲስተር፣ እኛም የምንነግርሽ አለን፦ የስኳር ታማሚና ባለሙያ በገጠር አብረው ሲሠሩ

የቀጠሮ ቀን ነበር። ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተደርድረን ተራ እንጠብቃለን። ሲስተር የእማማን ጣት ወግታ መለኪያውን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማማ፣ 380! ምን በልተው ነው?»

እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ኧረ ምንም ልጄ።»

«ምንም ሳይበሉማ 380 አይሆንም!»

ኢንሱሊኑ ተጨመረላቸው። በወሩ ሲመጡ 350። ተቆጥታ እንደገና ጨመረችላቸው። በሦስተኛው ወር እማማ ቀሩ።

ሰፈራችን አንድ ስለሆነ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ጭሱ ዓይኔን ሲለበልበኝ ቀና ስል፣ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ፣ ለዘር ከተሰቀለው በቆሎ አጠገብ፣ የኢንሱሊኑ ካርቶን ቁጭ ብሏል። ጢስ ጠግቦ ቡኒ ሆኗል።

«እማማ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ልጆቹ እንዳይነኩት ነዋ! ልጅቷ ራሷ ናት ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ ያለችኝ።»

ሲስተር የተናገረችው ልክ ነው። እማማም የተባሉትን አድርገዋል። መሀል ላይ ግን መድኃኒቱ ሦስት ወር ሙሉ ሲበስል ከርሟል። እኔ ስለ ስኳር የሲስተርን ያህል አላውቅም፤ እሷ ደግሞ ስለ ቆጡ አታውቅም። የዛሬው ጽሑፌ እነዚህ ሁለት እውቀቶች እንዴት አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደሚገናኙ ነው። እኛ እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ፤ የሚሆናችሁን ውሰዱ።

ማን እንደሆንኩ በአጭሩ፦ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ኢንሱሊን መውጋት ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ የተመደብኩት ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ ደጋው ላይ ነበር። አሁን ተሁለደሬ ውስጥ፣ ከሐይቅ ከተማ ወደ ቢስቲማ በሚወስደው መንገድ በኩል ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። የመድኃኒት መጠንን የሚመለከት ነገር ካነበባችሁ ከባለሙያችሁ ሳትነጋገሩ እንዳትነኩት።

ከአራት ሰው ጀምሩ

ስብሰባ አትጥሩ። ስብሰባ ከተባለ አበል ይጠበቃል፣ ሊቀመንበር ይመረጣል፣ ከዚያ በሁለተኛው ወር ይሞታል። እኛ አራት ሆነን ነው የጀመርነው። እኔ፣ እማማ፣ አንድ ሼህ እና አሥረኛ ክፍል የምትማር ልጅ። ቦታው የጤና ጣቢያው ግቢ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ዛሬ 11 ነን።

ሌሎቹን እንዴት አገኘናቸው? እኛ አልፈለግናቸውም። ሲስተርን «እንደዚህ የሚገናኙ ሰዎች አሉ በያቸው፤ ከፈለጉ ራሳቸው ይመጣሉ» አልናት። ይሄ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ገጠር ውስጥ ስኳር ያለባት ልጃገረድ «ማን ያገባኛል» ብላ መርፌዋን ከእህል ጎተራ ጀርባ ትደብቃለች። ስሟን ቀበሌ ላይ ጠርታችሁ ብታሰልፏት ዳግም አታዩዋትም። ባለሙያዋም የታማሚ ስም ለማንም መስጠት የለባትም።

ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ ያለበት አገር ስለሆንን ነገሩ ቀለለልን። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያዋጣል። ከቅሬው ዳኛ ጋር ተነጋግረን፣ ከተሰብሳቢው ፊት በወር አንዴ አሥር ደቂቃ ተሰጠን። ስለ እኛ ሳይሆን ስለ በሽታው ነው የምናወራው። ሽንት የሚያመላልሰው፣ ውኃ ጥም የማይቆርጥለት፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ካለ ቡዳ ነው፣ ዛር ነው እያሉ ከማቆየት ጤና ጣቢያ ይላክ። ትውከት ከተጨመረበት፣ ትንፋሹ ቁና ቁና ካለና የበሰለ ፍሬ የሚመስል ሽታ ካመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ። ለነገ አይባልም።

ቀጠሮውን ወደ ገበያ ቀን

እስካሁን ካደረግነው ሁሉ ብዙ የለወጠው ይሄ ነው። የወጣበት ገንዘብ ደግሞ ዜሮ ነው።

ድሮ አንዳችን ሰኞ፣ አንዳችን ዓርብ እንቀጠር ነበር። ሦስት ሰዓት በእግሩ የሚመጣ ሰው ለአንድ የጣት ምርመራ የሥራ ቀኑን ያጣል። በእርሻና በአጨዳ ወቅት ቀጠሮው ይቀራል። ሲስተር ደግሞ «ግድ የለሾች» ትለናለች። የኛ ገበያ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ሁሉም ዶሮውንም እህሉንም ይዞ ይወርዳል። «ሁላችንንም ማክሰኞ አድርጊን» አልናት። መጀመሪያ «ማክሰኞ ሰው ይበዛብኛል» አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ተደራደርን፦ ጠዋት ሌላውን ሕመምተኛ ታያለች፤ እኛ ገበያችንን ጨርሰን ስምንት ሰዓት ላይ እንመጣለን።

ጥቅሙ ለሷም ሆነ። ስንት ስትሪፕ (መለኪያው ላይ የሚሰካው የደም መንኪያ)፣ ስንት ብልቃጥ ኢንሱሊን እንደሚያስፈልግ ቀድማ ታውቃለች። አንዱን ትምህርት 11 ጊዜ ከመድገም አንዴ ታስተምራለች። የቀረ ሰው ሲኖር በዚያው ቀን ይታወቃል፤ ቤቱ ቅርብ የሆነው ሄዶ ያየዋል።

ከባለሙያ ጋር ስትነጋገሩ ሰልፍ በተሰለፈበት ሰዓት አትሂዱ። አሥር ቅሬታም አትደርድሩ። አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱም ያለ በጀት የሚሠራ ይሁን። ያ ሲሳካ ሁለተኛው ይቀላል። ጀበና ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ አይከፋም። እኛ በአቦሉ ሰላምታ ተለዋወጥን፣ በቶናው ቅሬታ አወራን፣ በረካው ላይ ተስማማን።

ደብተሩ

32 ቅጠል ደብተር ግዙ። በየገጹ አራት መስመር ይሰመርበት፦ ቀን፣ የስኳር ልክ፣ የተወጋው መጠን፣ «ምን ነበር?» የሚለው። ቁም ነገሩ ያለው አራተኛው ላይ ነው። «ልቅሶ ሄጄ አድሬ አልወጋሁም።» «ቀኑን ሙሉ ሳርስ ዋልኩ።» «ኢንሱሊን አለቀ።» «ሠርግ ነበር፣ በላሁ።» ማንበብ የማይችሉት ምልክት ያደርጋሉ፦ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ፣ ላልተወጉበት ቀን ክብ። ሼህዬ ራሳቸው በዐረብኛ ፊደል ነው የሚጽፉት። ሲስተር አታነበውም፣ እሳቸው ያነቡላታል፣ ይሳሳቃሉ።

ግን አንድ ስምምነት ያስፈልጋል። ሲስተርን «በክቦቹ አትቆጪን» አልናት። ክብ የሠራ ሰው ከተቆጡት በሚቀጥለው ወር ክብ አይሠራም፤ ስኳሩ ግን ያው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ደባቂውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁጣ ነው የሚፈጥረው። እሷም በበኩሏ አንድ ነገር ጠየቀችን፦ «ልታስደስቱኝ ብላችሁ ቁጥር አትፍጠሩ።» እኔ ራሴ ስንት ዓመት 120፣ 118፣ 125 እያልኩ ከጭንቅላቴ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አፈርኩ።

ስትሪፕ ውድ ነው፤ በየቀኑ መለካት የምንችል ጥቂት ነን። መለኪያ የሌላችሁ በጋራ አንድ መግዛት ትችላላችሁ። የጣት መውጊያዋ መርፌ ግን ለየራስ ናት፣ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ በሷ ይተላለፋል። ስትሪፑ ትንሽ ከሆነ እዚህም እዚያም አትበትኑት። ከቀጠሮ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት፣ ጠዋት ምግብ ሳይቀመስና ማታ ከራት በፊት ለኩ። አንድ ቀን ብቻ የታየ ቁጥር ለባለሙያ ብዙ አይነግራትም፤ ጠዋት ጠዋት ከፍ፣ ማታ ማታ ዝቅ የሚል ነገር ግን ይነግራታል። ለብዙ አዋቂ ጠዋት ባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 ጥሩ የሚባል ነው። ለሽማግሌና ስኳሩ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው ባለሙያዋ ላላ ልታደርገው ትችላለች። የእናንተን ልክ ጠይቃችሁ የደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት።

ለባለሙያዎች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። «ገብቶሃል?» አትበሉን። ወሎዬ «ገብቶሃል?» ሲባል ባይገባውም ሰው ላለማስቀየም «አዎ» ይላል። «እስኪ ማታ ለባለቤትህ እንዴት አድርገህ ነው የምትነግራት?» በሉን። ያኔ ጉድ ትሰማላችሁ። አንዱ የኛ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሚዋጠውን የስኳር ክኒን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ሲያመው ብቻ ነበር የሚውጠው። እንደ ራስ ምታት ክኒን።

ኢንሱሊንን የት እናኑረው?

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። የተከፈተው ብልቃጥ ሙቀት ባልበዛበት ክፍል ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። የከፈታችሁበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ጻፉ።

ፍሪጅ የለም። መብራት ያለውም ቤት ሦስት ቀን ይጠፋበታል። ጤና ኬላው ያለው ፍሪጅ ደግሞ የክትባት ነው። የኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ «ሌላ ነገር አናስገባም» ካሉ ልክ ናቸው፣ አትጣሏቸው። መፍትሔው ያለው ገበያ ላይ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ነው።

አንድ ትልቅ ማሰሮና አንድ ትንሽ ማሰሮ ግዙ። ሁለቱም ያልታሹ፣ ውኃ የሚያልባቸው ይሁኑ፤ ዘይት የጠጣ ድስት አይሆንም። ትልቁ ሥር አሸዋ አድርጉ፣ ትንሹን አስቀምጡበት፣ ዙሪያውንም በአሸዋ ሙሉት። ጠዋትና ማታ አሸዋውን በውኃ አርሱት። ኢንሱሊኑን ውኃ በማያስገባ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ ትንሹ ውስጥ አስገቡ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከምድጃ ይራቅ። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እናቶቻችን ውኃ በእንስራ ያቀዘቀዙት በዚሁ ዘዴ ነው። ፍሪጅ አይሆንም፤ ግን ወደ ቆላው፣ ባቲና ቆቦ አካባቢ የቀትሩን ቃጠሎ ይመልሳል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው በደንብ የሚሠራው። ክረምት ላይ ይደክማል፤ ያኔ ግን ሙቀቱም ይቀንሳል።

ደጋ ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ሌላ ነው። ደላንታ ሳለሁ በኅዳር ውርጭ ኢንሱሊኔን መስኮት ላይ አሳድሬ ጠዋት በረዶ ሆኖ አገኘሁት። ቀለጠ፣ ያው ይመስላል፣ ወጋሁት። በሦስተኛው ቀን ስኳሬ ከ400 በላይ ወጥቶ ስታወክ ተገኘሁ። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይመለስም። ይጣላል። ለገሂዳም ሆነ ለጋምቦ ያላችሁ፣ ሌሊት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከግድግዳና ከመስኮት አርቁት።

ነጭ፣ እርጎ መሳይ የሆነውን ኢንሱሊን ከመቅዳታችሁ በፊት በሁለት መዳፍ መሀል ቀስ አድርጋችሁ አንከባሉት እንጂ እንደ ቅል አትናጡት። ካንከባለላችሁት በኋላም ጓል የቋጠረ ወይም ብልቃጡ ላይ የተጣበቀ ነገር ካለበት ተበላሽቷል። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰም እንዲሁ። ከደሴ ስታመጡ የሚኒባስ ዳሽቦርድ ላይ ወይም ጣራ ላይ አይጫን። በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ በእጅ ይያዝ። በረዶ ከያዛችሁም በቀጥታ አይንካው።

እማማን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚስተው ስለሆነ። ማሰሮውን ሠርተንላቸው አዲስ ብልቃጥ ከማስጀመራችን በፊት መጀመሪያ ለሲስተር ነገርናት። የተጨመረላቸው መጠን የተሰላው ለሞተ ኢንሱሊን ነው። ያንኑ መጠን በደህናው ቢወጉት ስኳራቸው ወርዶ ይጥላቸው ነበር። እሷ መጠኑን ወደ ድሮው መለሰችው፤ እኛ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ እየሄድን ለካንላቸው።

ስኳር ሲወርድ ጎረቤት ይወቅ

አንድ ገበሬ ጓደኛችን አውድማ ላይ ወደቀ። ላብ በላብ ሆኗል፣ ይለፈልፋል። ሰዎቹ ግማሾቹ «ሰክሯል»፣ ግማሾቹ «ጅን ነው» አሉ። እህቱ ስኳሩ እንደወረደ ስታውቅ ቡና አጠጣችው። ቡናው ግን በጨው ነበር፤ እዚህ አገር ብዙ ቤት እንዲያ ነው የሚጠጣው። ደግነቱ አንድ ተማሪዬ ከሱቅ ለስላሳ ይዞ ሮጠ።

ስለዚህ ለጎረቤትም ለሚስትም አስተምሩ። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ሲታይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ያለው ለስላሳ። 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለው መድገም። ከዚያ ምግብ። መለኪያ ካለ ከ70 በታች ማለት ወርዷል ማለት ነው፤ ከሌለና ከጠረጠራችሁ ግን ስኳሩን ስጡ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይፈስም፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ።

ጤና ጣቢያ ሲደርስስ? በደም ሥር የሚሰጠው 40 ፐርሰንት ግሉኮስ አለ ወይስ አልቋል? ይህንን በየወሩ መጠየቅ የኛ ሥራ ሆኗል። ሲስተር ፈገግ ትላለች፣ ግን ከመጠየቃችን በፊት ማየት ጀምራለች።

ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። በተለይ ለእርሻ፣ ለአጨዳ፣ ለግሼን መንገድ። መስከረም ላይ የግሼንን አቀበት በባዶ ሆድ የሚወጣ ኢንሱሊን ተጠቃሚ አይቼ ደንግጫለሁ። ጠላና አረቄም በባዶ ሆድ ስኳር ያወርዳሉ፤ ሰው «ሰክሮ ነው» ብሎ ስለሚተዋችሁ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው።

ጾም

እዚህ ላይ ድሮ ሁላችንም እንዋሽ ነበር። ሲስተር «አትጹሙ» እንደምትል ስለምናውቅ አንነግራትም። እሷም መልሱን ስለምታውቅ አትጠይቅም። ከዚያ በየራሳችን ፈጠራ ሌሊት እጥፍ የሚወጋ፣ ቀን ጭራሽ የሚተው ሞላ።

በ2017 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ከሁለት ወር በፊት ሼህዬና አንድ ቄስ ባሉበት ተቀመጥን። ሼህዬ ራሳቸው ታማሚ ናቸው። ቁርኣኑ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲተካ እንደፈቀደለት ተናገሩ። ቄሱም «ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስጨንቅም። ጠበሉንም ተጠመቁ፣ መርፌያችሁንም ውጉ» አሉ። የሲስተር አሥር ትምህርት ያላመጣውን የሁለቱ አንድ አንድ ቃል አመጣ። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ፈልጋችሁ አስገቡት።

የተስማማነው ይሄ ነው። እርጉዝ፣ ኩላሊቱ የተጎዳ፣ ወይም በቅርብ ወራት ስኳር ጥሎት የሚያውቅ ሰው ባይጾም ይሻለዋል። ልጹም የሚል ከሁለት ወር ግድም ቀድሞ ይምጣ፤ መጠኑንና ሰዓቱን ባለሙያዋ ትቀይርለታለች። ሱሑር፣ የሌሊቱ ምግብ፣ ወደ ንጋቱ ይጠጋ። ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያስፈታም። ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ከበለጠ በዚያው ቅጽበት ይፈታል፤ «መግሪብ ደርሷል» አይባልም።

እግር

ውዱእ የሚያደርግ ሰው እግሩን በቀን አምስት ጊዜ ያጥባል። ከዚህ የተሻለ የእግር ምርመራ የት ይገኛል? ስትታጠቡ ተመልከቱ፣ በጣቶች መሀል አድርቁ። ክርስቲያኑም ማታ ሲታጠብ እንዲሁ። መርገጫውን ማየት ካቃታችሁ ልጅ ይይላችሁ። ስሜቱ የደነዘዘ እግር እሳት ዳር አይሞቅም፤ ተቃጥሎም አይታወቅም። ፕላስቲክ ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ፣ እሾኹም ጠጠሩም እዚያ ነው ያለው።

ለባለሙያ ደግሞ፦ «እግርህ ደህና ነው?» አይበቃም። ጫማ ይውለቅ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም

የተሰጠን ወረቀት ዓሣና ፍራፍሬ ብሉ ይላል። ሐይቁ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ዓሣው ግን የሚበላው ከተማ ነው። ስለዚህ ባለን ነው የተነጋገርነው። «ጤፍ ስኳር የለውም» የሚባለው ውሸት ነው፤ ጤፍም ማሽላም ሆዳችሁ ሲገባ ስኳር ይሆናል። እንጀራው ይነስ፣ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ይብዛ። ኢንሱሊን የምትወጉ ከሆነ ሰዓታችሁን ጠብቁ። ታምማችሁ ምግብ እምቢ ቢላችሁም ኢንሱሊኑን ሙሉ በሙሉ አታቁሙ፤ ውኃ እየጠጣችሁ፣ እየለካችሁ ቶሎ ባለሙያ ጠይቁ።

መጠየቅ ካልቀረ አንድ ነገር ጨምሩ። ቀጭን፣ በችግር ያደጉ፣ ስኳራቸው ግን ከተለመዱት ከዓይነት አንድም ከዓይነት ሁለትም ጋር የማይመሳሰል ወጣቶች አሉ። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ይህን ዓይነት ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2017 «ዓይነት አምስት» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ወሎ ውስጥ ረሃብ ምን እንደሆነ ለኛ አይነገረንም። እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ደሴ ሪፈር ይጻፍለት ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

መድኃኒቱ ሲጠፋ

የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 በሙከራ ሲጀመር ተሁለደሬ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ስለዚህ እዚህ ብዙ ሰው የመድኑ ደብተር አለው። ችግሩ እድሳቱ ላይ ነው። ቀኑን የምታስታውስ የኛ አሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የሁላችንንም ማብቂያ ጽፋ ይዛለች። የሪፈር ወረቀት ሳይዙ ከተማ ሄዶ በራስ ገንዘብ መግዛትም ቀርቷል።

ጤና ጣቢያው ኢንሱሊን ሲያልቅበት ሁላችንም አንሄድም። ሲስተር የፈረመችውን ዝርዝር ይዞ አንድ ሰው ይሄዳል፣ ትራንስፖርቱ ይዋጣለታል። ይህንን የተማርነው በክፉ ቀን ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ኢንሱሊን የሚባል ነገር ጠፋ። ከአንድ ብልቃጥ በየራሳችን አዲስ ሲሪንጅ እየቀዳን ተካፈልን። ሲሪንጅ ግን በፍጹም አልተጋራንም። በዚያ ወር አንድ ሰው ቀብረናል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዳችን አንድ ያልተከፈተ ብልቃጥ መጠባበቂያ እንይዛለን፤ ቀኑ ሳያልፍ በአዲስ እንቀይረዋለን።

ሲስተር ስትቀየር

ይህ ሁሉ በአንዲት ነርስ ላይ ከተንጠለጠለ ዝውውሯ በመጣ ቀን ይወድቃል። ጎንደርና ጅማ ላይ የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ደረጃ የስኳር ክትትል መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ገጠር ላይ እንደሚቻል ታይቷል። ግን ነርስ ሰው ናት፣ ታገባለች፣ ትማራለች፣ ትዛወራለች። የኛዋ ባለፈው ዓመት ሄደች።

ስለዚህ ቀድማችሁ በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት፣ በክብ አለመቆጣት፣ የግሉኮስ ቆጠራ፣ ከጾም በፊት መቀመጥ፣ ጫማ ማውለቅ። አንዱ ቅጂ ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር፣ አንዱ ከቅሬው ዳኛ ጋር ይቀመጥ። የምትሄደዋ ነርስ ራሷ ለምትተካት ታስተዋውቃችሁ።

አዲሷ ሲስተር ስትመጣ ወረቀቱን ሰጠናት። ቆማ አነበበችው። «ጫማ ማውለቁን ማን ነው የጻፈው?» አለች። «እኔ ነኝ» አሉ እማማ። አሁን ጠዋት ጠዋት ከ140 እስከ 160 ናቸው፤ ሲስተር ለእድሜያቸው ደህና ነው ብላለች። ቡናውን ግን ገና አልጠጣችልንም፣ ሥራ ይበዛባታል። ማክሰኞ እንደገና ጀበናውን እንወስዳለን።